«ከየት መጣ?» ብለሽ ጠይቂ

የኔ እናት፣ ለባልሽ መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጥሽ በፊት አንድ ጥያቄ ያዢ፤ ይህ በሽታ ከየት መጣ? አማትሽ «የወፍ በሽታ ነው፤ ሐኪም አያውቀውም» ማለታቸውን ነግረሽኛል። ጎረቤትም አንድ አዋቂ ጠቁሟል። ሁሉም የሚያወራው ስለሚድንበት መንገድ ነው፤ የመጣበትን መንገድ የጠየቀ የለም። እኔ በነርስነት ስሠራ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ የመጡ ብዙ ሰዎች አስተናግጃለሁ። የታመመው ሰው ብዙ ጊዜ ይድናል፤ በቤት ያሉት ሌሎቹ የሚጠበቁት ወይም የሚጎዱት ግን በዚህ ጥያቄ ነው። አንቺ ደግሞ ስድስተኛ ወርሽን የያዝሽ ነፍሰ ጡር ነሽ። ስለዚህ ጉዳዩ የእሱ ብቻ አይደለም፤ የአንቺም፣ በሆድሽ ያለው ልጅም ነው።

መጀመሪያ ቢጫነቱ ምን እንደሆነ እወቂ። ሰውነታችን ያረጁ ቀይ የደም ሴሎችን ሲያፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል። ጤነኛ ጉበት ከደም ይለቅመውና በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይሸኘዋል። ጉበት ሲቆጣ ይህን ሥራ ያቅተዋል፤ ቢሊሩቢኑ ደም ውስጥ ይጠራቀምና ነጩን የዓይን ክፍል፣ ቀጥሎም ቆዳን ያቀልማል። ለዚህ የሚያበቃው ምክንያት አንድ አይደለም። ከባድ ወባ ዓይንን ቢጫ ያደርጋል፤ ቱቦ የዘጋ የሐሞት ጠጠርም እንዲሁ፤ የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በመድኃኒቱ ምክንያት ጉበቱ ሊቆጣ ይችላል፤ አረቄ ያዘወተረም እንደዚያው። ደኅና የነበረ ጎልማሳ በድንገት እንዲህ ሲሆን ግን በአገራችን ቀድሞ የሚጠረጠረው ቫይረስ ነው። እነዚህ የጉበት ቫይረሶች አምስት ናቸው፤ ሄፓታይተስ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ። የሌሊት ወፍ በላዩ ስላለፈች የታመመ ሰው የለም።

አሁን ያለፉትን ሁለት ሳምንታት መለስ ብለሽ አስቢ። ዓይኑ ቢጫ ከመሆኑ በፊት ደከመኝ አላለም? ወጥ ሲቁላላ ሽታው አላስጠላውም? ምግብ መጥላት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ቀለል ያለ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት በታች የሚከብድ ሕመም፤ በሽታው የሚጀምረው እንዲህ ነው። አጫሽ ከሆነ ሲጋራው ራሱ ያስጠላዋል። አንዳንዱን፣ በተለይ ቢ የያዘውን፣ መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል፤ ቆዳው ላይም ሽፍታ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ሰው ሁሉ «ጨጓራ ነው»፣ «ታይፎይድ ነው»፣ «ጉንፋን ነው» ይላል። ከዚያ ሽንቱ ይጠቁርና የሻይ ቀለም ይይዛል፤ ሰገራው ይነጣል፤ ዓይኑ ቢጫ የሚሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ሰውነቱንም ያሳክከዋል። ቢጫው ሲወጣ ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ ስለሚለቅ ታማሚው «ተሻለኝ» ሊልሽ ይችላል። ደስ ይበልሽ፤ ግን በዚህ ብቻ አትዘናጊ።

ደግሞም ቢጫ ያልሆነ ሁሉ ቫይረሱ የለበትም ማለት አይደለም። ከ6 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሄፓታይተስ ኤ ሲይዛቸው አብዛኞቹን ምንም ምልክት ሳያሳዩ ያልፋቸዋል። ሄፓታይተስ ሲ ከያዛቸው 100 ሰዎች 80 ያህሉ መጀመሪያ ላይ ምንም አይሰማቸውም። ቢ ከያዛቸው አዋቂዎችም ቢጫ የሚሆኑት ጥቂቶቹ ናቸው። ስለዚህ የቤተሰቡን ዓይን እያየሽ ብቻ «ሌላው ደኅና ነው» አትበዪ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አምስቱ ቫይረሶች የሚገቡት በሁለት መንገድ ነው። ኤ እና ኢ በአፍ ይገባሉ፤ ከታመመ ሰው ሰገራ ወጥተው በውሃ፣ በምግብ ወይም ባልታጠበ እጅ ወደ ሌላው ሰው አፍ ይደርሳሉ። ቢ፣ ሲ እና ዲ በደም ይገባሉ። ቢ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅም በብዛት ይተላለፋል። ዲ ብቻውን መኖር አይችልም፤ የሚይዘው ቢ ያለበትን ሰው ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙም ሕመሙን ያከብዱታል።

የትኛው እንደሆነ ለመጠርጠር ወደ ኋላ ቁጠሪ። ሄፓታይተስ ኤ ከገባ በኋላ እስኪታይ ከ2 እስከ 7 ሳምንት፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ወር ያህል ይወስዳል። ኢ ከ2 እስከ 10 ሳምንት ይቆያል፤ በአብዛኛው 5 ወይም 6 ሳምንት። ቢ ከአንድ ወር ተኩል እስከ 6 ወር፣ ሲ ከ2 ሳምንት እስከ 6 ወር ይወስዳሉ። ባልሽ ከመንገድ ሥራ ካምፕ ከተመለሰ 5 ሳምንት ሆኖታል፤ እዚያ የሚጠጡት የወንዝ ውሃ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ይህ ወደ ኢ ወይም ወደ ኤ ያመለክታል። ግን ከ3 ወር በፊት ጥርሱን ያስነቀለው ሐኪም ቤት እንዳልሆነም አውርታችሁ ነበር። ይህ ደግሞ ወደ ቢ ያመለክታል። ስለዚህ አንዱን ይዘሽ ሌላውን አትተዪ፤ ሁለቱንም ለሐኪሙ ንገሩት። የደረሰበትን አገር፣ የጠጣውን ውሃ፣ የተነቀለውን ጥርስ፣ የተወጋውን መርፌ፣ የወሰደውን ክኒንና ቅጠል ሁሉ ይናገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

ከእነዚህ ሁሉ ለአንቺ ቀድሜ የምፈራው ኢን ነው። ይህ ቫይረስ ሰው በተጨናነቀበትና ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ባነሰበት ቦታ ይነሳል። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በአገራችን የወታደር ካምፖች ውስጥ ወረርሽኝ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በጋምቤላ በተጠለሉት የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መካከል ተነስቶ ከ1,000 በላይ ሰዎች ታመዋል። ለአብዛኛው ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ የሚያልፍ ሕመም ነው። ለነፍሰ ጡር ግን እንደዚያ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመጨረሻዎቹ 3 የእርግዝና ወራት ኢ ከያዛቸው 100 ሴቶች እስከ 20 ወይም 25 ያህሉ ሊሞቱ ይችላሉ፤ ፅንሱም ይጎዳል። በአገራችን ጉዳዩን በቅርብ ካጠኑት አንዱ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 ከባልደረቦቻቸው ጋር የድንገተኛ ሄፓታይተስን መንስኤ፣ አጋላጭ ነገሮችና በእርግዝና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚመለከት ጥናት አሳትመዋል። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። ወደ ሰባተኛው ወር እየገባሽ ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ እንድትጠነቀቂ ነው።

ጥንቃቄው ከአቅምሽ በላይ አይደለም። የምትጠጪውን ውሃ ተንተክትኮ እስኪፈላ አፍዪው፤ በንጹሕና ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪው። ከጀሪካኑ ስትቀጂ ኩባያ ወደ ውስጥ አትንከሪ። ጥሬ ሰላጣና ሳይላጥ የሚበላ ፍራፍሬ ለጊዜው ይቅርብሽ። እሱ ከመጸዳጃ ሲወጣ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ለጊዜው ምግብ አያዘጋጅ፤ ፎጣውም ለብቻው ይሁን። መጸዳጃ ቤቱን ሌላ ሰው በበረኪና ቢያጸዳው ይሻላል፤ አንቺ ግን ካጸዳሽ ጓንት አድርጊ፤ ከዚያም እጅሽን በደንብ ታጠቢ። ኤ የያዘው ሰው ቫይረሱን በብዛት የሚያስወጣው ዓይኑ ቢጫ ከመሆኑ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ነው፤ ኢም የሚወጣው ቢጫው ከመታየቱ በፊት ጀምሮ ነው። ስለዚህ አንቺም አስቀድሞ ተጋልጠሽ ሊሆን ይችላል። ማቅለሽለሽ ወይም ድካም ቢጀምርሽ «እርግዝና ነው» ብለሽ አታሳልፊው። ሽንትሽ ከጠቆረ ወይም ዓይንሽ ቢጫ ከመሰለሽ በዚያው ዕለት ማዋለጃና ላብራቶሪ ወዳለው ሆስፒታል ሂጂ።

አሁን ስለ ቢ ልንገርሽ፤ ምክንያቱም ቢ ከሆነ ጥንቃቄው ሌላ ነው። ቢ ከያዛቸው ጤነኛ አዋቂዎች 100 ውስጥ ከ95 በላይ የሚሆኑት በራሳቸው ያሸንፉታል፤ ቋሚ ሆኖ የሚቆይባቸው ከ5 ያነሱ ናቸው። ሕፃን ላይ ግን ይገለበጣል። በወሊድ ጊዜ ከእናታቸው ቢ ከተላለፈባቸው 100 ሕፃናት 90 ያህሉ ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ይኖራሉ፤ ሲያድጉም ለጉበት መጠንከርና ለጉበት ካንሰር ይጋለጣሉ። ስለዚህ የባልሽ ውጤት ቢ ከሆነ አንቺም ወዲያው ተመርመሪ። በአንቺ ላይ ከሌለ የቢ ክትባት ተከተቢ፤ በእርግዝና ጊዜ መከተብ አይጎዳም። የእሱ ነገር እስኪታወቅ ድረስ ኮንዶም ተጠቀሙ። ቢ በአንቺም ላይ ከተገኘ ሐኪሙ በደምሽ ያለውን የቫይረስ መጠን አይቶ ከ28ኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ ቴኖፎቪር ሊያዝልሽ ይችላል። ሕፃኑ ደግሞ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የቢ ክትባት እንዲያገኝ ከአሁኑ ተነጋገሪ፤ የምትወልጂበት ቦታ ክትባቱ መኖሩን ከምጥሽ በፊት አረጋግጪ። ከ6 ሳምንት የሚጀምረው መደበኛ ክትባት ለዚያች የመጀመሪያ ቀን ምትክ አይሆንም። ጡት ማጥባትን ግን አትፍሪ፤ ሕፃኑ ከተከተበ ጡት ማጥባት አይከለከልም።

የደም መንገድ ሲባል ሰዎች ደም መቀበልንና መርፌን ብቻ ያስባሉ። በእኛ ሰፈር ግን ብዙ ነው። በአንድ ምላጭ መላጨት፣ ባልተቀቀለ መቀስ ጥፍር መቁረጥ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ የሕፃን ግግ ማስወጣት፣ ዋግምት፣ የድድና የግንባር ንቅሳት፣ ጆሮ መብሳት፣ በባህላዊ መንገድ የሚፈጸም ግርዛት፤ ሁሉም ከአንዱ ደም ወደ ሌላው የሚያሻግሩ ናቸው። የቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ይቆያል፤ ስለዚህ «ተጠርጓል» ማለት ብቻ አያድንም። የአንድ መርፌ ጥፋት ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ግብፅን ተመልከቺ። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ መንግሥት ሕዝቡን ከቢልሃርዝያ ለማዳን በዘመቻ መርፌ ይወጋ ነበር። ሲሪንጁ በሚገባ ሳይቀቀል ከሰው ወደ ሰው በመዘዋወሩ ሄፓታይተስ ሲ በአገሪቱ ተዛመተ። ለማዳን የታሰበ መርፌ ብዙ ጉበት አበላሸ። አዲስ መርፌና ሲሪንጅ ፊትሽ ሲከፈት ሳታዪ ማንም እንዲወጋሽ አትፍቀጂ።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ «የጉበት ምርመራ» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። የጉበት ኢንዛይሞችና ቢሊሩቢን ጉበቱ ምን ያህል እንደተቆጣ ይናገራሉ፤ የትኛው ቫይረስ እንደሆነ ግን አይናገሩም። ስለዚህ የሄፓታይተስ ቢ እና የሲ ምርመራ እንዲሠራለት ጠይቁ፤ የኤ እና የኢ የቅርብ ጊዜ ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ካለም ይጨመር። የወባ ምርመራም አይቅር። የደም መርጊያ ጊዜ የሚባለው ምርመራ ደግሞ ጉበቱ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ስለሚያሳይ ትልቅ ዋጋ አለው። ቢ ከተገኘ ከ6 ወር በኋላ ምርመራው ይደገማል፤ ያን ጊዜም ካለ ቋሚ ሆኗል ማለት ነው፤ ክትትል ያስፈልገዋል። ሲ ከሆነ ደግሞ ተስፋ አለው፤ ዛሬ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚወሰድ ክኒን ከ100 ሰው ከ95 በላይ የሚሆነው ይድናል።

አማትሽ ሊያጠጡት ያሰቡትን ቅጠል በተመለከተ፣ እሳቸውን አታስቀይሚያቸው፤ ልጃቸው ታሞባቸው ነው የሚጨነቁት። ግን አንድ ነገር አስረጂያቸው። ኤ እና ኢ የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቅጠል ጠጣም አልጠጣም በሳምንታት ውስጥ ይድናል። «እገሌ በሰንሰል ቅጠል ዳነ» የሚባለው ብዙ ጊዜ በራሱ የሚድን ሰው ነው። ቅጠሉም ሥሩም መጠኑ አይታወቅም፤ የሚያስመልሰውና የሚያስቀምጠው ደግሞ የተዳከመውን ሰው ውሃ ያሳጣዋል። የሚጠጣውን ሁሉ የሚያጣራው ያው የቆሰለ ጉበት ነው። «እማዬ፣ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ እናጣራ፤ የልጅ ልጅዎም ስላለበት ነው» በያቸው። ስለ ሕፃኑ ስትነግሪያቸው ይሰሙሻል። «የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም» ካሉሽም፣ ለምርመራ ደም መቅዳት በአዲስ መርፌ እስከሆነ ድረስ ጉዳት እንደሌለው ንገሪያቸው።

ቤት ውስጥ እንዲህ አስታምሚው። እንደ አቅሙ ይረፍ፤ አልጋ ላይ ተጣብቆ መዋል ግን ግዴታ አይደለም። ምግቡን ጥቂት ጥቂት እያደረግሽ ቶሎ ቶሎ ስጪው፤ ማቅለሽለሹ ወደ ማታ ስለሚብስ ቁርሱን ጠንከር አድርጊለት። ቅባት የተከለከለ አይደለም፤ የሚያቅለሸልሸው ከሆነ ብቻ ይቀነስ። ፈሳሽ አብዢለት። አረቄ፣ ጠላ፣ ቢራ ለወራት ይቅር። ፓራሲታሞል እንኳን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይውሰድ፤ ሲበዛ ጉበትን ይጎዳል።

እነዚህን ካየሽ ግን ሌሊትም ቢሆን አትጠብቂ፤ ቀን ተኝቶ ሌሊት የሚቃዥ ከሆነ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ከድዱ ወይም ከአፍንጫው ደም ከፈሰሰው፣ ማስመለሱ ካላቆመ፣ ሆዱ ካበጠ። ይህ ጉበቱ ሥራ እያቆመ መሆኑን ያሳያል። የሚደርስበት ሰው ጥቂት ነው፤ ለደረሰበት ሰው ግን ሰዓታት ዋጋ አላቸው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ውጤቱ ቢ ቢሆን ሰው እንዳይሸሸው አድርጊ። ቢ አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም፤ ከአንድ ትሪ ብሉ። ምላጩ፣ የጥርስ ብሩሹና ጥፍር መቁረጫው ግን የራሱ ይሁን። ኤ ወይም ኢ ከሆነ ደግሞ ጉርሻውን ለጥቂት ሳምንታት አቁሙ፤ እጁ ከታጠበም ቢሆን አንቺ ነፍሰ ጡር ስለሆንሽ አትቀበዪው። ዐረብ አገር ለመሄድ ያሰበውን ወንድማችንንም አስመርምሪልኝ፤ ብዙ ሰው ቢ እንዳለበት የሚያውቀው ደም ሲለግስ ወይም ለዐረብ አገር ጉዞ ምርመራ ሲያደርግ ነው። ጉዞው ሲሰረዝ ከሚደነግጥ አስቀድሞ ቢያውቅና ቢከተብ ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ፤ እሱ ስለ ሕመሙ፣ አንቺ ስለ እርግዝናሽ። «የትኛው ቫይረስ ነው? ከየት መጣ? ከእኛ ማን መከተብ፣ ማን መጠንቀቅ አለበት?» ብለሽ ሦስቱንም ጠይቂ፤ ሐኪሙ ቢቸኩልም መልሱን ሳትሰሚ አትነሺ። የላብራቶሪውን ወረቀት በስልክ አንስተሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናነበዋለን፤ የሕፃኑን ክትባት ጉዳይም ከምትወልጂበት ሆስፒታል ጋር እኔ እጨርሰዋለሁ።